ድንገተኛ አቀባበል

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

መሲ ይህን ደብተር የሰጠችኝ ከትምህርት ቤት የተረፈ ነው ብላ ነው። አምስተኛ ክፍል አማርኛ ታስተምራለች። «የግሩምን ነገር በየማታው ለእኔ ከምትዘከዝክልኝ ለዚህ ዘክዝክለት» አለችኝ። ሚስት ሲሰለቻት እንዲህ ስጦታ ታመጣለች።

እሺ ደብተር፣ እንተዋወቅ። አምሐ እባላለሁ፣ አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። በአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተመርቄ፣ ኮልፌ ውስጥ፣ የብረት በር ከሚሠሩ ሰዎች አናት ላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ የውጭ ፊልም ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። «ስቱዲዮ» ነው የምንለው። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን የለጠፍንበት ሁለት ክፍል ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ቀረጻ ይቆማል። ሲያባራ ደግሞ ከታች ብረት መቁረጥ ይጀምራሉ። በሁለቱ መካከል ባለችው ጊዜ ነው እንግዲህ ኢንዱስትሪያችን የሚንቀሳቀሰው።

አሁን የያዝነው ባለ አራት ክፍል ታሪካዊ ፊልም ነው። ከአራት መቶ ዓመት በፊት የአየርላንድ መኳንንት በእንግሊዝ ንግሥት ላይ ያመፁበት ታሪክ። ደንበኛችን አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። የስቱዲዮው ባለቤት ግሩም «ይሄ ካለፈልን ለሁለት ዓመት ሥራ አለን» ይላል፤ ካላለፈስ አይልም። ተራኪው ጋሽ ይገዙ ናቸው። ድሮ ሬዲዮ ላይ እሳቸው «እንደምን አመሻችሁ» ሲሉ ሰው ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ አጸፋውን ይመልስ ነበር ይባላል።

የእኔም ድምፅ መጥፎ አይደለም። እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም እንጂ።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ክፍል አራትን ተርጉሜ ጨረስኩ። ደፈጣው ያለበት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አይሪሾቹ አንድ የእንግሊዝ ግንብ ከበዋል። ውስጥ ያሉት ተርበዋል። ሌላ የእንግሊዝ ጦር ስንቅ ጭኖ ሊደርስላቸው ሲሄድ፣ አይሪሾቹ ወንዝ መሻገሪያ ላይ አድፍጠው ጠበቁትና ደቆሱት። ስንቁ ወንዙ ውስጥ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ ቦታው «የብስኩት መሻገሪያ» ተባለ። ያን ያህል ደም ፈሶ ስም ያወጣው ብስኩት ነው።

ቀረጻውን የምትሠራው ኢሊሊ «ብስኩቱ በሻይ የሚበላው ነው?» አለችኝ። የወታደር ደረቅ ቂጣ ነገር ነው አልኳት። «ታዲያ የበሶ መሻገሪያ አትለውም?» አለች። ጋሽ ይገዙ ስቀው ስቀው ሳል ያዛቸው።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

ቀረጻ። ጥድፊያ። ሰማዩ ጠቁሯል።

«የእንግሊዝ ጦር መሻገሪያው ላይ ይመታል» የምትል ዓረፍተ ነገር አለች። ጋሽ ይገዙ «ይመታል»ን አላልተው አነበቧት። ሲላላ መቺው ጦሩ ነው። ሲጠብቅ ተመቺው ጦሩ ነው። ፊደላችን ደግሞ ሁለቱንም እኩል ነው የሚጽፋቸው። አይሪሾቹ ስንት ቀን አድፍጠው ያሸነፉትን ውጊያ በአንዲት ትንፋሽ ተሸነፉ።

ጽሑፉን ይዤ ስህተት ስሰማ «ይደገም» ማለት የእኔ ሥራ ነው። ሰምቻለሁ። ግሩም ደጋግሞ ሰዓቱን ያያል፤ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ጀምሯል። ዝም አልኩ። ማን ያስተውለዋል?

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ግሩም ደረጃውን እየሮጠ ወጣ። አርባ ዓመቱ ላይ እንዲህ የሚያስሮጠው ወይ ፍርሃት ነው ወይ ፍርሃት ነው። የጣቢያው የቋንቋ አርታዒ ወይዘሮ ጽጌማርያም በቴሌግራም መልስ ልከዋል። ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ፦

«ክፍል 4 ደፈጣው ይመታል ይጠብቃል ሌላው ጥሩ ነው»

ነጥብ የለው፣ ሰረዝ የለው። ግሩም ጮክ ብሎ ሦስት ጊዜ አነበበው። «ደፈጣው ይመታል። ገባችሁ? ይመታል! እስከዚያው ይጠብቃል። ታግደናል።»

«ለምን አንደውልላቸውም?» አለች ኢሊሊ።

«ደውዬ ምን ልበል? ‹ለምን› ልበል?» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከሦስታችን በቀር ሰው የለም እኮ። «በዚህ ጊዜ ደፈጣ የሚባል ቃል በድምፅ ማጉያ ማውራታችን ራሱ! እንዴት አላሰብነውም? ዝም አይነቅዝም፤ ቀስ ብለን እናስተካክለው።» ወደ እኔ ዞረ። «አንተ የቋንቋ ሰው ነህ። ምን ትላለህ?»

«ይመስላል» አልኩ። ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ከግሩም ጋር ተቀምጠን ክፍል አራትን «አለሰለስነው»። ቃሉ የእሱ ነው። በ«ደፈጣ» ጀመርን። «ድንገተኛ» አልኩ እኔ። «ድንገተኛ ምን?» አለ። ለድንገተኛ ባልንጀራ ስንፈልግላት አንድ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ እሱ ራሱ «አቀባበል» አለና በራሱ ተደነቀ። አይሪሾቹ ለእንግሊዝ ጦር ወንዙ ዳር ድንገተኛ አቀባበል አደረጉለት።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። «አማፂዎች» ቅር የተሰኙ ወገኖች ሆኑ። ንግሥቲቱን በስሟ መጥራትም አስፈራው፤ «የሚመለከተው አካል» ብለናት አለፍን። ግንቡ ተከበበ ማለት ቀርቶ «በመንገድ መዘጋጋት ምክንያት አገልግሎት አቋርጧል» ተባለ። ሟቾቹ ጋ ስንደርስ ግሩም ብዕሩን አስቀምጦ መስኮቱ ጋ ሄደ።

«መሞታቸው የግድ ነው?» አለኝ።

«ፊልሙ ላይ ሲሞቱ ይታያሉ።»

«ይታዩ። እኛ ምን አገባን? እኛ የምንጠየቀው በተናገርነው ነው።»

«ከጉዞው ተቀነሱ» በሚለው ተስማማን።

የሚያሳፍረኝ ጎበዝ መሆኔ ነው። እሱ አንድ ሲያወጣ እኔ ሁለት እጨምርለታለሁ። ዛሬ የሳቅኩትን ያህል ከተቀጠርኩ ጀምሮ አልሳቅኩም።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

«ግደሏቸው!» የሚለው አፍ ላይ «ተቀበሏቸው!» ልክ ገባ። ኢሊሊ ደጋግማ አጫወተችው። ሰውየው መጥረቢያ አንስቶ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ ተቀበሏቸው ይላል። መብራት ጠፋ።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ጋሽ ይገዙ አዲሱን ጽሑፍ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡ። ከዚያ «አቀባበል?» አሉ።

«ጋሼ፣ ከላይ ነው የመጣው» አለ ግሩም፣ በጣቱ ቆርቆሮውን እያሳየ።

«ከላይ ማን?»

«ጋሼ፣ እንግዲህ እርስዎ ያውቁታል።»

«ግሩም ልጄ፣ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ብዙ አቀባበል ላይ መድረክ መርቻለሁ። አንድም ቀን ሰው በመጥረቢያ ሲመታ አላየሁም። ይሄን በእኔ አፍ አታስብሉኝ።»

መልእክቱን አላሳየናቸውም። ግሩም ማንም እንዳያየው ብሏል። ጋሽ ይገዙ ወረቀቱን አስተካክለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ጃንጥላቸውን አነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግሩምን ትተው እኔን አዩኝ። «አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ተባብረን ነው» አልኩ።

እንዲህ ተብሎ ይመለሳል? «አዎ» ብል ምን ነበረበት?

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ግሩም ኮሪደሩ ላይ ስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «አይ፣ ሰውዬው ደክመዋል እኮ፣ ድምፃቸውም አልቋል።» ትናንት እኒያ ያለቀ ድምፅ ያላቸው ሰውዬ ሲናገሩ የእንቁላል ካርቶኑ ይርገበገብ ነበር።

ስልኩን ዘግቶ መጣና ትከሻዬን ያዘኝ። «አምሐ፣ የአንተ ድምፅ እኮ መጥፎ አይደለም።»

ላስብበት አልኩት። ከበሩ እስከ ተራኪው ወንበር ድረስ አሰብኩበት።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

መሲ ሽንኩርት ስትልጥ መልእክቱን አሳየኋት። እንድትፈራልኝ ነው እንጂ ሌላ አሳብ አልነበረኝም።

«እና?» አለች።

«ታግደናል እኮ።»

«የቱ ላይ ነው የታገዳችሁት?»

«ይጠብቃል ይላል አይደል?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «አምሐ፣ ሴትየዋ የምትልህ ‹ይመታል› የሚለው ቃል ይጠብቃል ነው። አላልታችሁ አነበባችሁት፣ አጥብቃችሁ አንብቡት ነው። እኔ ልጆቼን ዓመቱን ሙሉ የምላቸው ይሄንኑ አይደል?» ከዚያ መሳቅ ጀመረች። መቆም አቅቷት ተቀመጠች። «የቋንቋ ምሩቅ ናቸው አሉ!» እያለች በእጇ ጀርባ እንባዋን ትጠርጋለች። ሽንኩርቱም አግዟታል።

እንዲህ ቀላል ሊሆን አይችልም አልኳት። ሳቋን አቆመች። «ሰውዬው እኮ ወንበራቸውን ለቀዋል። ሰኞ ትነግራቸዋለህ» አለች።

«ሰኞ» አልኩ።

እኔ እንዴት አልታየኝም? ያን ቀን ግሩም ሲያነበው እንዲህ የመሰለ ነገር ሽው ያለብኝ ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው እንግዲህ። ሽው ያለን ነገር ማን ይመዘግባል።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

አልነገርኩም። ግሩም ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነበር።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ግሩም ጥርሱን አሞታል። ጥርሱን ለታመመ ሰው ምን ይነገራል?

መሲ፦ «ነገርካቸው?»

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ማዳመጫውን አድርጌ ማይክራፎኑ ፊት ተቀመጥኩ። የገዛ ድምፅህ ጆሮህ ውስጥ ሲገባ ሌላ ሰው ነው የሚመስልህ፤ አገር የሚያውቀው፣ የሚከበር፣ ቤት ኪራይ የማይከፍል ሰው። ሦስት ገጽ አነበብኩ። «ቅር የተሰኙ ወገኖች» ስል እንኳ ያምርብኛል። ኢሊሊን በመስታወቱ በኩል «እንዴት ነው?» አልኳት። «ይሰማል» አለች። ይሰማል! የበር ደወልም ይሰማል።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ብነግራቸው ምን ይለወጣል? ጽሑፉ ተጽፏል። ግሩም ደግሞ ነገሩ ቀልድ እንደነበር ቢያውቅ ያፍራል፤ ያፈረ አለቃ ከተቆጣ አለቃ ይብሳል። ጋሽ ይገዙም ራሳቸው ናቸው አላነብም ብለው የሄዱት። ያስወጣቸው ሰው የለም። ለመሲ ይህን ሁሉ አስረዳኋት። «ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው አስረዳ» አለችኝ። እሷ የመሥሪያ ቤት ፖለቲካ አይገባትም።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ከታች ብረት ቆረጣ። አንድ ገጽ ብቻ። መሲ «ነገርካቸው?» ስትለኝ «ዝናብ ነበር» አልኩ፤ ዝናብ ከንግግር ጋር ምን እንዳገናኘው እንጃ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

አየር ጤና፣ የቤቴል ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ትከሻዬን ነካ ያደረገኝ ሰው ጋሽ ይገዙ። እህታቸው ጋ መሄዳቸው ነው። እንደዚያ እሸሻቸው የነበሩ ሰውዬ ጃንጥላቸውን ለሁለታችን ዘረጉት። ስለ ክረምቱ አወሩኝ፣ ስለ መንገዱ ጭቃ አወሩኝ። ያ ድምፅ ስለ ጭቃ ሲያወራ ሰልፈኛው ሁሉ ዞር ይላል።

ከዚያ ቀስ ብለው «እንዲያው አምሐ፣ ከጣቢያው ስለ እኔ ንባብ የመጣ ነገር አልነበረም?» አሉኝ።

«ምንም የለም ጋሼ።»

«‹ይመታል› ያልኩበት ቦታ፣ አላልቼው ይሆን እንዴ እላለሁ።»

«ኧረ ልክ ነበር!»

«ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር ጋሼ።»

«ጥሩ» አሉና ታክሲው ሲመጣ እኔን አስቀድመው አስገቡኝ። አጠገባቸው እስከ ቤቴል ተቀመጥኩ። ሒሳቤን ከፈሉልኝ። እንደዚህ ያለ ሰው ሰድቦ ቢያወርደኝ ይቀለኝ ነበር።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

መሲ መጠየቅ አቆመች። ስትጠይቀኝ ይሻል ነበር።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ሥራው ተላከ። ተራኪው አምሐ ይላል። ግሩም «አለፍን» ብሎ አቀፈኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ ምሳ መብላት አልቻልኩም። ጾሙ ነው።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ ጽጌማርያም ሳይደውሉ መጡ። አራት ፎቅ ወጥተው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ «ይህን ክፍል አራት የምትሉትን እስቲ አብረን እንየው» አሉ። ቀጭን፣ ነጠላቸውን ያጣፉ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ የሚያስቀምጡ ሴትዮ ናቸው። ግሩም ወንበር በመጥረግ ብዛት ቀለሙን ሊያስለቅቀው ነበር።

ኢሊሊ ከፈተችው። ስክሪኑ ላይ ሰው በመጥረቢያ ይፈለጣል፣ ፈረስ ወንዝ ውስጥ ይንከባለላል፣ የእኔ ድምፅ በተረጋጋ መንፈስ «በዚህን ጊዜ ቅር የተሰኙት ወገኖች ለእንግዶቹ ድንገተኛ አቀባበል አደረጉላቸው፤ በርካታ እንግዶችም ከጉዞው ተቀነሱ» ይላል።

«ሰርግ ነው?» አሉ ወይዘሮ ጽጌማርያም።

ብስኩቱ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ መጣ።

«ብስኩቱንስ ምነው ሳትነኩት ተዋችሁት?»

«እሱ ችግር የለበትም ብለን ነው» አለ ግሩም።

«ችግር ያለበትን ማን ነገራችሁ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ። ይመታል፣ ይጠብቃል ብለው...»

«እኔ?» መነጽራቸውን አወለቁ። «አንድ ቃል ጠብቆ ይነበብ አልኩ እንጂ እኔ ማንን አግጄ አውቃለሁ? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ጽሑፍ ላይ ነጠላ ሰረዝ ስጨምር የኖርኩ ሰው ነኝ።»

«መልእክቱ ላይ ግን አንድም አልጨመሩም» አለች ኢሊሊ።

«ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የጻፍኩት።»

ግሩም ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ የቋንቋ ምሩቅ አይደለህም?»

ያን ጊዜ «አውቄዋለሁ፣ ከሐምሌ 12 ጀምሮ አውቄዋለሁ» ማለት ይቻል ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው «አላልተው ያነበቡት እኮ ጋሽ ይገዙ ናቸው» የሚል ነው። ሐሰት የለበትም። አንድም ሐሰት የለበትም።

«ይገዙማ የዚያኑ ዕለት ደውሎ ነግሮኛል» አሉ ወይዘሮ ጽጌማርያም። «‹አላልቼዋለሁ፤ ልጆቹን ይደገም ብላቸው ዝናብ መጣ ይሉኛል፤ አንቺ በማስታወሻሽ ጻፊልኝ› ብሎ ለምኖኝ ነው የጻፍኩት። የት አለ እሱ?»

የታክሲው ሰልፍ፣ ጃንጥላው፣ «ልክ ነበር?» ብለው ሁለተኛ የጠየቁኝ። ሰውዬው መሳሳታቸውን እያወቁ ነው የጠየቁኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ኢሊሊ የድሮውን ቀረጻ አወጣች፣ የጋሽ ይገዙን «ይመታል» በማውዝ ያዝ አድርጋ ሁለት ቦታ ላይ ሳብ ሳብ አደረገችው። ሰባት ደቂቃ ፈጀባት። «ጠበቀ» አለች። የአንድ ወር ተኩል መከራችን የሰባት ደቂቃ ሥራ ነበር። ወይዘሮ ጽጌማርያም ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁና «በዚሁ ይሂድ» ብለው ተነሱ።

ኢሊሊ «ያንተን ልሰርዘው ወይስ ትወስደዋለህ?» አለችኝ። ለክፋት አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ሞልቶ ነው።

«ሰርዥው» አልኳት።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ግሩም ለሚቀጥለው ሥራ ጋሽ ይገዙን አምጣልኝ ብሎ ላከኝ። «አንተ ትግባባቸዋለህ» አለ። መሲ ከቤት ስወጣ «መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቅ፤ ሌላውን ከዚያ በኋላ» ብላኛለች።

ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ቆመው አሸንዳ ያስራሉ። «በደህና ጊዜ መጣህ፣ በርጩማዋን ያዝልኝ» አሉ። ያዝኩ። ከሥር ሆኜ፣ ውሃው አንገቴ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ግሩም ይመለሱልን ማለቱን ነገርኳቸው። ክፍል አራት በእሳቸው ድምፅ መሄዱን፣ ስማቸውም መጻፉን ነገርኳቸው።

«ጽጌማርያም ነግራኛለች» አሉ ሽቦውን እየጠመዘዙ። «አሁን እድር ውስጥ የሟች ስም የማነበው እኔ ነኝ። እዚያ ማንም ‹ከጉዞው ተቀነሱ› በል አይለኝም። ሞቱ እላለሁ፣ ሰውም ሞቱ ብሎ ይሰማኛል።»

«ጋሼ፣ ስቱዲዮው ግን ያለ እርስዎ...»

«አምሐ፣ ንባቤ እንዴት ነበር ብዬ ጠይቄህ አልነበረም?»

«ጠይቀውኛል።»

«ምን አልከኝ?»

«ልክ ነበር አልኩ።»

«ልክ ከነበረ ምን ላስተካክል እመለሳለሁ?»

ትከሻዬን ተደግፈው ወረዱ። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው በሩ ድረስ ሸኙኝ፣ መሲን ሰላም በልልኝ አሉ፣ ቀስ ብለው ዘጉት።

ቤት ስገባ መሲ «ምን አሉ?» አለችኝ። ነገርኳት፤ ምንም ሳልቀንስ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ «ይቅርታ ስትጠይቃቸውስ ምን አሉ?» አለችኝ።

አልጠየቅኳቸውም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ በርጩማቸውን ይዤ ቆሜ አልጠየቅኳቸውም።